ደጋን ሲስተካከል፦ ደካማውን ትቶ ብርቱውን መፋቅ

ጥጥ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ፣ ወደ እንዝርት ከመድረሱ በፊት በደጋን ይነደፋል። በጎበጠው እንጨት ላይ የተወጠረው ጅማት ሲመታ ይርገበገባል፤ ርግብግብታውም የተጣበቀውን ጥጥ እየፈለቀቀ ያሳሳዋል። የተነደፈው ጥጥ አመልማሎ ሆኖ ይዘጋጃል፤ ፈታይዋም እንዝርቷን ታነሣለች። ጋቢውም ሆነ ነጠላው ሸማኔው ዘንድ ከመድረሱ አስቀድሞ በዚህ ቀላል በሚመስል ዕቃ ሥር ያልፋል።

ቀላል መምሰሉ ግን ያታልላል። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ በተመረቅሁበት ዓመት የአያቴ ደጋን ተሰበረ። አያቴ ለፋሲካ እንዲደርስ ያሰቡት ጋቢ ነበርና እኔም እንጨት አውቃለሁ ብዬ ሌላ ደጋን ልሠራላቸው ተነሣሁ። ሠራሁም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ጅማቱን ስወጥር የአንዱ ወገን ወገቡ ላይ ተሰነጠቀ። ሞፈርና ቀንበር የሚጠርቡ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ስብራቱን አይተው ስሕተቴን ለመንገር ጊዜ አልፈጀባቸውም። ደካማውን ቦታ አስተካክላለሁ እያልሁ ደጋግሜ የፋቅሁት ያንኑ ደካማ ቦታ ነበር።

የደጋን ሥራ ዋናው ምሥጢር ከዚህ ስሕተት ተቃራኒ ነው። ከእንጨት ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ የሳሳው ቦታ የሚድነው እርሱ ሳይነካ፣ በዙሪያው ያለው ብርቱ ክፍል ሲፋቅ ብቻ ነው።

እንጨት ሲጎብጥ ምን ይሆናል?

ደጋን ሲወጠር ሁለት ገጾቹ ሁለት ተቃራኒ ጫናዎችን ይሸከማሉ። ከጅማቱ በተቃራኒ ወደ ውጭ የዞረው ገጽ ጀርባው ነው፤ እርሱ ይለጠጣል። ወደ ጅማቱ የዞረው ገጽ ሆዱ ነው፤ እርሱ ይጨመቃል። የጀርባው ቃጫ ከአቅሙ በላይ ሲለጠጥ ይበጠሳል። የሆዱ ቃጫ ከአቅሙ በላይ ሲጨመቅ ደግሞ ይሸበሸባል፤ ጅማቱ ቢፈታም እንጨቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሳይመለስ ጎብጦ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ደጋን ባይሰበርም ጅማቱን አጥብቆ መያዝ ስለማይችል ጥጡን በሚገባ አይነድፍም።

ከመጨበጫው ወደ ሁለቱ ጫፎች የሚዘረጉት ክንዶች እኩል ሲጎብጡ ጫናው በርዝመታቸው ሁሉ ይከፋፈላል። አንድ ቦታ ከሌላው ሲሳሳ ግን ክንዱ እንደ ማጠፊያ በዚያ ብቻ ይታጠፋል። ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ሲለግም ሸክሙ በሌላው ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ግትር ሆኖ የቀረው ክፍል ያልተሸከመውን ሸክም የሳሳው ይሸከመዋል። መጨረሻውም ስብራት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከስፋት ይልቅ ውፍረት እጅግ ይከብዳል። የአንድ ክንድ ስፋት በግማሽ ቢቀነስ ግትርነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀነስ ግን ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ቦታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢፋቅ ያ ቦታ ከግትርነቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ለዓይን የማይታይ የመሰለ ፍቅፋቂ ደጋኑን ሊያበላሸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንጨቱን መምረጥና ማድረቅ

ጥሩ ደጋን ገና በዛፉ ላይ ሳለ ይጀምራል። የሚመረጠው ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ቃጫው ያልተጠማዘዘ፣ ጉጥ የሌለበት ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ነው። ጎን ለጎን የተንጋደደ ቅርንጫፍ የላይኛውና የታችኛው ወገኑ እንጨት ስለሚለያይ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ሲወጠርም እኩል አይጎብጥም። ለዚህ ሲባል ለጋ ዛፍ ከሥሩ መቁረጥ አያስፈልግም። ዛፍ ሲገረዝ ከሚወድቁት ቅርንጫፎች መካከል ቀጥ ያለውን ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

እርጥብ እንጨት በቀላሉ ይጎብጣል፤ ነገር ግን እንደጎበጠ ይቀራል። እንጨቱ ሁለት ጫፎቹ በሰም ወይም በቀለም ተሸፍነው፣ ፀሐይ በማያገኘውና ነፋስ በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር መድረቅ አለበት። ጫፎቹ ካልተሸፈኑ ውኃው ከመካከሉ ይልቅ በእነርሱ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ይሰነጠቃሉ። መድረቁን ለማወቅ በየሳምንቱ መመዘን ይቻላል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል ማለት ነው።

ቅርፊቱ ሲላጥ ከሥሩ የሚገኘው ገጽ ጀርባው ይሆናል። ይህን ገጽ ምሳርም ሆነ ቢላዋ ሊነካው አይገባም። ቃጫው በአንድ ቦታ እንኳ ከተቆረጠ ስብራቱ ከዚያ ይነሣል። መጥረቡም ሆነ መፋቁ በሆዱና በጎኖቹ በኩል ይከናወናል።

ማስተካከል ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ የእንጨቱ እኩሌታ ተለክቶ መጨበጫው ይለያል። ክንዶቹ ከመጨበጫው ወደ ጫፍ ሲሄዱ ቀስ በቀስ እየቀጠኑ እንዲወርዱ ይጠረባሉ፤ ጅማቱ ሲወጠር ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው በመጨበጫው አቅራቢያ ነውና። ጥርቡ ሲያበቃ ግን ውፍረቱ ከሚፈለገው በላይ ሊሆን ይገባል። ቀሪውን በምሳር ሳይሆን በሞረድ፣ በቢላዋ ወይም በመስታወት ስባሪ መፋቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የአንዱ ክንድ ጫፍ መሬት ላይ ተደርጎ፣ መጨበጫው በእጅ ተይዞ በዝግታ ይጫናል። ከዚያ ተገልብጦ ሌላው ክንድ ይሞከራል። ክንዱ ፈጽሞ የማይጎብጥ ከሆነ ወደ ጅማቱ መሄዱ ገና ነው።

ሁለቱም ክንዶች መጉበጥ ሲጀምሩ ከደጋኑ ርዝመት ጥቂት የሚበልጥ ጠንካራ ገመድ በጫፎቹ ላይ ይታሰራል። ደጋኑ በመጨበጫው በኩል በግድግዳ ላይ በተመታ ጠንካራ ችካል ላይ አግድም ይቀመጣል፤ ገመዱም ወደ ታች በጥቂቱ ይሳባል። የሚስበው ሰውና የሚያየው ሰው ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል። የሚያየው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ በግድግዳው ላይ በከሰል የተሠመሩ አግድም መሥመሮች ካሉ የትኛው ጫፍ እንደዘገየ ወዲያው ይለያል።

ከሩቅ የማይታየውን ስሕተት አንድ ጣት ያህል የምትረዝም ቀጥ ያለች እንጨት ታጋልጣለች። ደጋኑ በጥቂቱ ተስቦ ሳለ እንጨቷ በሆዱ ላይ ተደርጋ ከመጨበጫው እስከ ጫፍ ትንቀሳቀሳለች። በእርሷና በሆዱ መካከል የሚታየው ክፍተት ከሰፋ ያ ቦታ ከመጠን በላይ እየጎበጠ ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቦታው ግትር ነው፤ በከሰል ይመልከት። የሚፋቀው በከሰል የተመለከተው ብቻ ነው።

አንድ ክንድ ሙሉ በሙሉ ከሌላው የበረታ ከሆነ የበረታው በርዝመቱ ሁሉ እኩል ይፋቃል። በአንድ ቦታ የሳሳ ካለ ቦታው ተትቶ ከላይና ከታች ያለው ይቀነሳል። ሌላው ክንድም ከዚህኛው ጋር እስኪመጣጠን ይከተላል። ደጋኑ በዚህ የተነሣ ከታሰበው ይልቅ ይላላ ይሆናል። የላላ ደጋን ግን ይሠራል፤ የተሰበረ ደጋን ማገዶ ነው።

ከእያንዳንዱ መፋቅ በኋላ ገመዱ 20 ወይም 30 ጊዜ በዝግታ ይሳባል፤ ይለቀቃል። እንጨት የተደረገበትን ለውጥ ወዲያው አያሳይም። ሳይለማመድ በላይ በላዩ የሚፋቅ ከሆነ ሠሪው ከሚገባው በላይ መውሰዱን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ጉድለት ከታየ ደግሞ ጉድለቱ እስኪታረም ድረስ ከዚያ ወሰን አልፎ መሳብ አይገባም።

ክንዶቹ በረጅሙ ገመድ እኩል ሲሆኑ አጭሩ ጅማት ይወጠራል። ከመጨበጫው በእኩል ርቀት ላይ፣ በሁለቱም ወገን ከጅማቱ እስከ ሆዱ ያለው ርቀት ይለካል። ልዩነቱ ሲጠብ ሥራው ወደ መጠናቀቁ ተቃርቧል። በጀርባው ላይ የተነሣ ስንጣሪ ወይም በሆዱ ላይ ቀጭን ሽብሽብታ ከታየ ግን ጅማቱን ፈትቶ ማቆም ግድ ነው። ሲወጠርም ፊትንና ዓይንን ከደጋኑ ትይዩ ማራቅ ያስፈልጋል።

ሳይስተካከል የቀረው ደጋን

ይህ ሥራ በየአገሩ የነበረ የሰው ልጅ ጥበብ ነው። ለጥጥ መንደፊያም ሆነ ለቀስት መወርወሪያ የሚሠራ ደጋን ሕጉ አንድ ነው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1991 በአልፕስ ተራሮች፣ በኢጣሊያና በኦስትሪያ ድንበር አካባቢ ከ5 ሺህ ዓመታት በፊት የሞተ ሰው አስከሬን ከበረዶ ውስጥ ተገኘ። ኦትዚ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሰው 1 ሜትር ከ82 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የእንጨት ደጋንና 14 ቀስቶች ይዞ ነበር። ከቀስቶቹ ያለቁት 2ቱ ብቻ ናቸው። በደጋኑ ላይም የመጥረቢያው ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል፤ ጥርቡ እንጂ ማስተካከሉ አልተጀመረም ነበር። ባለቤቱን ሞት የቀደመው ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው የሥራው ክፍል ሳይነካ ነው።

ለመስቀል የደረሰው ጋቢ

አዛውንቱ ጎረቤታችን ሁለተኛውን ደጋን ስሠራ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እንጨቱ እስኪደርቅ ወራት ጠበቅን። መፋቁን ስጀምር እጄ ወደ ሳሳው ቦታ በሄደ ቁጥር ከሰሉን አንሥተው ሌላ ቦታ ያመለክቱኝ ነበር። ያ ደጋን ከፊተኛው ይልቅ ቀጭንና ለስለስ ያለ ሆነ፤ ሁለቱ ክንዶቹ ግን እኩል ይጎብጡ ነበር።

አያቴ ጅማቱን መትተው ድምፁን ካዳመጡ በኋላ ጥጡን አቀረቡ። ለፋሲካ የታሰበው ጋቢ ለመስቀል ደረሰ።