ከገጠር ተነሥተው የኤሌክትሪክን ረጅም መንገድ ያቃለሉት ሴት መሐንዲስ

ከወንዝ ግድብ የሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ተራራና ሸለቆ አቋርጦ ከከተማና ከገጠር የሚደርሰው በትልልቅ የብረት ምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ሽቦ መሆኑን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ምሰሶው ከመተከሉ፣ ሽቦውም ከመዘርጋቱ በፊት ብዙ ስሌት መሠራት እንዳለበት ግን እምብዛም አይነገርም። ይህን አድካሚ ስሌት ካቃለሉት መሐንዲሶች አንዷ አሜሪካዊቷ ወይዘሪት ኢዲት ክላርክ ናቸው።

ወይዘሪት ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1883 በሜሪላንድ ግዛት ተወልደው በዚያው በገጠር አደጉ። ከዘጠኝ ልጆች አንዷ ነበሩ። በ12 ዓመታቸው እናትና አባታቸውን አጥተው በታላቅ እኅታቸው እጅ አደጉ። ለአካለ መጠን ሲደርሱም ከወላጆቻቸው በወረሱት ገንዘብ ቫሳር ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ገቡ። በ1908 በሒሳብና በሥነ ፈለክ ትምህርት ተመረቁ። ለጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ የምሕንድስና ትምህርት ጀመሩ፤ ቀጥሎም በ1912 በአንድ ትልቅ የስልክ ኩባንያ በስሌት ሠራተኛነት ተቀጠሩ።

በዚያን ጊዜ የዛሬው ዓይነት ማሽን አልነበረም። «ኮምፒዩተር» ይባል የነበረው በእርሳስና በወረቀት ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ የሚውለው ሰው ነው። ወይዘሪት ክላርክ ቀን እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ ቆዩ። በ1919 ማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ በተባለው ታላቅ ተቋም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ዲግሪው ግን የመሐንዲስነት ሥራ አላስገኘላቸውም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የቀጠራቸው እንደገና በስሌት ክፍል ሲሆን፣ ተግባራቸውም ሌሎች ሴት የስሌት ሠራተኞችን ማሠልጠንና መምራት ነበር። የመሐንዲስ ዕውቀት ነበራቸው፤ የመሐንዲስ ማዕረግና ደመወዝ ግን አልነበራቸውም።

ሥራቸው ምን እንደነበር በመስኖ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አጭር ቦይ ላይ ከላይ የተለቀቀው ውሃና ከታች የሚደርሰው ውሃ ብዙም አይለያይም። ቦዩ ሲረዝም ግን ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ የሚደርሰውን አስቀድሞ ማወቅ ይቸግራል። የኤሌክትሪክ መስመርም ሲረዝም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ከቦይ ይልቅ ያስቸግራል። ተጠቃሚው ሲበዛ በመስመሩ ጫፍ ያለው ግፊት ሊወርድ፣ ተጠቃሚው ሲያንስ ደግሞ ከመነሻው በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚያሳየው ቀመር ረጅምና ውስብስብ ነበር። ወይዘሪት ክላርክ ቀመሩን በተሣሉ መስመሮች አማካይነት የሚፈታ የስሌት መሣሪያ ፈለሰፉ። መሣሪያው ሥራውን ከቀድሞው ዘዴ አሥር ጊዜ ያህል ያፈጥነው ነበር። የፈጠራ መብት እንዲሰጣቸው በ1921 አመልክተው በ1925 ተፈቀደላቸው።

በዚያው በ1921 ሥራቸውን ለቀው ወደ ቱርክ በመሄድ በቁስጥንጥንያ የሴቶች ኮሌጅ ፊዚክስ አስተማሩ። በ1922 ሲመለሱ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ማዕረግና ደመወዝ ቀጠራቸው። በአሜሪካ በዚህ ማዕረግ ተቀጥረው የሠሩ የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው መሆናቸው ይነገራል። በ1926 በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ ፊት ጥናት ያቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከሦስቱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አንዱ ሲበጠስ ወይም መሬት ሲነካ በመስመሩ ላይ የሚደርሰውን መዛባት ለማስላት የሚረዳ ዘዴም አበጁ። ይህ ዘዴ ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ በየዩኒቨርሲቲውም ይሰጣል። በ1943 የመጀመሪያው ክፍል የታተመው መጽሐፋቸው የመሐንዲሶች መማሪያ ሆነ። በ1947 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምረው ለዓመታት ቆዩ። በ1959 በተወለዱ በ76 ዓመታቸው አረፉ።

እርሳቸው ሲናገሩ ሴት መሐንዲስ ይፈለጋል ብሎ የሚጠራ የለም፤ ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ሰው ግን ምንጊዜም ይፈለጋል የሚል አሳብ ነበራቸው።

በአገራችን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል የቆየ ተረት አለ። የወይዘሪት ክላርክ ሕይወት ይህን ተረት ያፈርሰዋል። እርሳቸው ያሰሉት በወንድ አላለቀም፤ ወንዶቹ መሐንዲሶች ራሳቸው መጽሐፋቸውን ገልጠው ተምረውበታል።

ከዚህ ታሪክ የማኅበር መሪዎች ሦስት ቁም ነገር መውሰድ ይችላሉ። አንደኛው የሙት ልጅ ውርስ ነው። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ የወረሰችው ገንዘብ ባይጠበቅላት ኖሮ ኮሌጅ የምትገባበት ሌላ መንገድ መኖሩ ያጠራጥራል። ወላጅ አልባ ልጅ ያለው መሬት ወይም ከብት በማን እጅ እንዳለ፣ ገቢውም ለማን እንደሚውል መሪዎች መጠየቅና መከታተል ይገባቸዋል። የሴት ልጅ ድርሻ «ነገ ታገባለች» እየተባለ የሚቀልጥ ከሆነ፣ የሚቀልጠው ከብቱ ብቻ ሳይሆን ትምህርቷም ነው።

ሁለተኛው ትምህርትን በዕድሜ አለመዝጋት ነው። ወይዘሪት ክላርክ የምሕንድስና ዲግሪያቸውን ሲቀበሉ 36 ዓመታቸው ነበር። በአዝመራና በቤት ሥራ ምክንያት ትምህርት ያቋረጠች ሴት ልትመለስ ብትፈልግ «ጊዜሽ አልፏል» ሊባል አይገባም።

ሦስተኛው ለሥራው ስሙንና ዋጋውን መስጠት ነው። በውሃ ኮሚቴ ውስጥ ፓምፑን የምትጠብቀው፣ ብልሽቱንም ቀድማ የምታውቀው ብዙ ጊዜ ውሃ ቀጂዋ ሴት ናት። የጥገና ሥልጠና ሲመጣ ግን ስሙ የሚመዘገበው የወንድ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሠልጣኝ ሲመረጥ ማን ሥራውን እንደሚያውቅ ተጠይቆ ይመረጥ። ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠቀመውም የሚጎዳውም መንደሩ ሁሉ ነውና።