በካንሰሩ ብልሽት የሚነሳው ቫይረስ

ለሕፃናት ክንድ ላይ የሚወጋው የቢሲጂ ክትባት የሽንት ፊኛ ካንሰርንም እንደሚያክም ብዙ ሰው አያውቅም። በካናዳ ኪንግስተን ይሠሩ የነበሩት ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ የዚህን ሕክምና ውጤት ያሳተሙት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ጡንቻ ላልዘለቀ፣ ግን አደገኛ ለሆነ የፊኛ ካንሰር ቢሲጂ እስካሁን ዋነኛው ሕክምና ነው። ካንሰሩ ለቢሲጂ አልበገር ካለ ግን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ፊኛው ተቆርጦ እንዲወጣ ይመክራሉ።

ክሬቶስቲሞጂን የተባለው በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት የተሠራው ለእነዚህ ታካሚዎች ነው። መነሻው ጉንፋን የሚያስይዝ አዴኖቫይረስ ነው።

ብዙዎች «ካንሰር የሚበላ ቫይረስ» ይሉታል። አባባሉ ጆሮ ይስባል፤ ግን የሥራውን ትልቁን ብልሃት ይሸፍናል። ቫይረሱ ጤናማ ሕዋስ ውስጥም ሊገባ ይችላል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከገባ በኋላ ነው። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ አርቢ የተባለ ፕሮቲን፣ ኢ2ኤፍ የተባለውን የመባዛት አዛዥ እንደ መኪና ፍሬን ይዞ ያቆመዋል። በፊኛ ካንሰር ይህ መያዣ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ስለሆነ ኢ2ኤፍ ይለቀቅና ሕዋሱ ያለ ልክ ይባዛል። ተመራማሪዎቹ የቫይረሱን መባዛት የሚያስጀምረውን የዘረመል ክፍል አውጥተው በኢ2ኤፍ የሚነሳ ተኩበት። ካንሰሩን ያሳደገው ያው ብልሽት አሁን ቫይረሱን ያስነሳል። ቫይረሱ ይባዛል፣ ሕዋሱን ያፈነዳል፣ ወደ ጎረቤቶቹ ይሻገራል። በዚያ ላይ ጂኤም-ሲኤስኤፍ የተባለ፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን የሚጠራ ፕሮቲን እንዲመረት ያደርጋል። በአሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ናዶፋራጂንም አዴኖቫይረስ ነው፤ እሱ ግን የኢንተርፌሮን ዘረመል ያደርሳል እንጂ አይባዛም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው።

አሰጣጡ መርፌ የለውም። የፊኛው ውስጠኛ ግድግዳ ቫይረሱን የሚያግድ ስስ ልባስ ስላለው፣ መጀመሪያ በካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሳሙናነት ያለው ለስላሳ ፈሳሽ ገብቶ ያጥበዋል። ከዚያ ቫይረሱ ይገባል፤ ታካሚውም አንድ ሰዓት ገደማ ይዞት ይቆያል።

ቦንድ-003 በተባለው ጥናት፣ ቢሲጂ ካልሠራላቸው 110 ታካሚዎች ውስጥ በሦስት አራተኛው ገደማ ካንሰሩ በምርመራ እስከማይታይ ጠፍቷል። ከእነዚህም በአንዳንዶቹ ተመልሷል፤ ጥናቱም ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ይህን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ማናፈስ ተስፋ ለሚጠብቅ በሽተኛ አይበጅም።

ይህ ጥናት የተካሄደው ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ሳይገባ በተደረሰባቸው ሰዎች ላይ ነው። የፊኛ ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ያለ ሕመም በሽንት ላይ በሚታይ ደም ነው። ደም ያየ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ቢጠፋም እንኳ፣ «አላመመኝም» ብሎ አይቆይ፤ ይመርመር።