በክረምት መኪና ስለ መንዳት



በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ወራት ነው። ይህ ወራት ለገበሬው የሥራና የተስፋ ጊዜ ሲሆን፣ መኪና ለሚነዳና በመኪና ለሚሄድ ሰው ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው በበጋ የለመደውን አነዳድ በክረምትም ሳይለውጥ ይቀጥላል። መንገዱ ያው መንገድ፣ መኪናዪቱም ያችው መኪና ስለ ሆነች የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም። ነገር ግን ጎማ መሬትን የሚይዝበት ኀይል ቀንሷል፤ የአደጋውም ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ትጓዛለች። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ እንግዲህ ፍሬኑ ሥራውን ሳይጀምር 16 ሜትር አለቀ ማለት ነው። ፍሬን ከተያዘም በኋላ መኪና እስኪቆም የሚሄደው ርቀት በረጠበ አስፋልት ላይ የደረቁን ዕጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፍጥነት በዕጥፍ ሲጨምር ደግሞ ይኸው ርቀት አራት ዕጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪናም በበጋ ከለመድነው ዕጥፍ ርቀት መተው ግዴታ ነው።

ከረዥም የበጋ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያ በተለይ ያታልላል። በመንገድ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከጥቂት ውኃ ጋራ ተለውሶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዝናቡ ሲበረታ ይህ ይታጠባል፤ በፈንታው ግን ውኃው በአስፋልቱ ላይ ይተኛል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት ስለማይችል በላዩ ይንሳፈፋል፤ መሪውም በእጅ ላይ ይቀላል። በዚህ ጊዜ ፍሬንን በድንገት መርገጥና መሪን መጠምዘዝ አደጋውን ያባብሳል። ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርጎ አንሥቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይገባዋል። ከዚህም በፊት ሰኔ ሳይገባ ጎማን፣ ፍሬንን፣ መብራትንና የዝናብ መጥረጊያን ማስመርመር ብዙ ጸጸት ያስቀራል።

በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤት ከሚወጣበት ሰዓት ጋራም ይገጥማል። እግረኛው ጃንጥላውን አዘንብሎ፣ ወይም ነጠላውን ተከናንቦ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ መጠለያ ፍለጋ ይሮጣል። ትምህርት ቤቶችም በሐምሌና በነሐሴ ስለሚዘጉ ሕፃናት በየመንደሩ መንገድ ላይ ይውላሉ። በጎርፍ የተሸፈነ ጉድጓድም ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን፣ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጭቃ የሚረጭበትን ወንድሙንም ማሰብ አለበት።

ከከተማ ወጥቶ ለሚጓዝ ሰው አደጋው ሌላ መልክ አለው። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የመኪናን አፍንጫ እንኳ ማየት ያስቸግራል። በዚያ ስፍራ ረዥሙን መብራት ማብራት ብርሃኑን ከጉሙ ላይ መልሶ ዐይንን ያሳውራል፤ የሚረዳው አጭሩ መብራት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱም ቁልቁለቱ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ነው። በከባድ ማርሽ መውረድ እንጂ በፎሌ መልቀቅ፣ ወይም ፍሬንን እስኪግል ድረስ ያለማቋረጥ መርገጥ አይገባም። ከገደሉ የሚንከባለል ድንጋይም አይታጣም።

ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲያቋርጥ የአገራችን ሰው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያለውን ማስታወስ ይበጃል። 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ጎርፍ ትንሽ አውቶሞቢልን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የደረሰው ደግሞ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። ጎርፍ በድንገት እንደሚመጣ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጐድላል፤ ቆሞ መጠበቅ ነው። ጥልቀቱ ከታወቀ ጥቂት ውኃ ከተሻገሩም በኋላ ፍሬኑን እየነኩ ማድረቅ ያሻል።

በመጨረሻም ቃላችን በመሥሪያ ቤት መኪና ለሥራ ወደ ገጠር ለሚወጣው ሹም ነው። ብዙ ሾፌር ጎርፍ የሚደፍረው፣ በጉምም ውስጥ የሚቀድመው፣ ከኋላው «ቶሎ በል» የሚል አለቃ ስላለ ነው። ሾፌሩ «እንቆይ» ሲል የሚሰማ አለቃ፣ የራሱንም የሾፌሩንም ልጆች አባት ጠበቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በክረምት መንገድ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። ከስብሰባ ግማሽ ሰዓት የዘገየ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጣል፤ ቤተ ሰቦቹም ማታ በደኅና ይቀበሉታል።