እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀጥለው አደጋ

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሙያውን ሲጀምር በቅድሚያ የሚፈራው ነበልባሉን ነው። ከዓመታት በኋላ ጤናውን የሚያውከው ግን ጭሱም ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ሥራ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ጎራ፣ በምድብ 1 መድቦታል። በቂ ማስረጃ የተገኘውም ሜሶቴሊዮማ በተባለው፣ በተለይ የሳንባን ሽፋን በሚያጠቃው ካንሰርና በፊኛ ካንሰር ላይ ነው።

ነበልባሉ ቢጠፋም የሚጨሰው ፍርስራሽ መርዛማ ጋዝና ጥቀርሻ ማውጣቱን ይቀጥላል። በዚህ ሰዓት የመተንፈሻ ጭምብልን ማውለቅ ለጉዳት ያጋልጣል። መርዙ በቆዳም ስለሚገባ ከሥራ በኋላ ፈጥኖ መታጠብ፣ የተበከለ ልብስንም ወደ ቤት አለመውሰድ ያስፈልጋል።

ሌላው ስውር ስጋት የልብ ሕመም ነው። በአሜሪካ በሥራ ላይ ሳሉ ለሚሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀዳሚው ምክንያት ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ ሙቀት፣ ከባድ ልብስና ድካም በአንድ ጊዜ ልብን ያስጨንቃሉና። ስለዚህ የአካል ብቃት እንቅስቃሴና መደበኛ የጤና ምርመራ የሙያው አካል ናቸው።

ሌላውን አድኖ በጤና ለጡረታ መብቃት የዚህ ሙያ ትልቁ ስኬት ነው። ለዚህም ከሠራተኛው ጥንቃቄ፣ ከተቋሙ ደግሞ ቅያሪ የሥራ ልብስና መታጠቢያ ማሟላት ይጠበቃል።