የመኝታ ቤታችሁ መስተዋት ማታ ምን ያሳያል?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ይስሐቅ ርብቃን “እኅቴ ናት” ብሎ በጌራራ ሲቀመጥ፣ እውነቱ የወጣው በመስኮት ነው። ንጉሡ አቢሜሌክ በመስኮት ሲመለከት ሁለቱ እኅትና ወንድም እንዳልሆኑ ከአኳኋናቸው ገባው። ነውሩ ውሸቱ ነበር እንጂ የባልና የሚስት ጨዋታ አልነበረም። ያም ሆኖ የሁለት ሰው ብቻ የሆነውን ነገር ሦስተኛ ሰው ማየት የለበትም።

ከጣራ ገዳም ሥር ካለችው ከአዲስ ዘመን እስከ ወረታ በመንገዱ ዳር የተሠሩ ቤቶችን ያየ ሰው መስኮቱ እንደተለወጠ ያስተውላል። ቀድሞ የእንጨት ነበር፤ ሲዘጋ ቤቱ ይጨልማል፣ ሲከፈት ሁሉ ይታያል። አሁን ብረትና መስተዋት እየበዛ ነው። በአንድ ግቢ የቤት ባለቤት፣ ተከራዮችና ዘመድ አብረው ስለሚኖሩ፣ ለባልና ሚስት የመስተዋት ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙዎች የሚመርጡት ሪፍሌክቲቭ የሚባለውን አንጸባራቂ መስተዋት ነው። ሻጩ “ከውጭ ምንም አይታይም” ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ቀን ቀን ብቻ። ብርሃን በሚበዛበት በኩል የቆመ ሰው የራሱን መልክ ያያል፣ በጨለማው በኩል ያለው ግን አሻግሮ ያያል። ማታ መብራት ስናበራ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ የራሳችንን ፊት ስለምናይ የተሸፈንን ይመስለናል፤ በግቢው ጨለማ የቆመው ሰው ግን እኛን ያያል። ልብስ የምትቀይር ወይም ሕፃን የምታጠባ እኅት ይህን ሳታውቅ ዓመታት ልታሳልፍ ትችላለች። ስለዚህ አንድ ማታ መብራቱን አብሩና አንዳችሁ ውስጥ ቁሙ፣ አንዳችሁ ወጥታችሁ ተመልከቱ። ይህን ለልጅ ወይም ለሠራተኛ አትተዉት።

አንጸባራቂው የፀሐይን ሙቀት ይቀንሳል፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ፀሐይ ለሚመታው መስኮት ይጠቅማል። ክፍሉን ግን ያጨልማል፤ መብራት በጠፋ ቀን ያስቸግራል።

ለመኝታ ቤት እኔ የምመክረው ፍሮስትድ የሚሉትን፣ ወተት የመሰለውን መስተዋት ነው። ቀንም ማታም ፊት አይለይበትም። ነገር ግን ተጠግቶ የቆመ ሰው ማታ ጥላው ስለሚታይ ቁም ሣጥኑ ከመስኮቱ ራቅ ይበል፣ ወፈር ያለ መጋረጃም ይኑር። መንገዱ ከግቢው ከፍ ካላለ ታችኛውን ክፍል ብቻ ፍሮስትድ አድርጎ ላይኛውን ጥርት ያለ መተው ብርሃን ያተርፋል። ለመታጠቢያ ቤት ሻካራው ገጽ ወደ ውሃው አይዙር፤ ሲረጥብ ማሳየት ይጀምራል። እዚያ አበባ አበባ ቅርጽ ያለው መስተዋት ይሻላል። አቅም ለሌለው በተራው መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር አለ፤ መስተዋቱን በሳሙና ውሃ አርጥቦ መለጠፍ አየር እንዳይቋጥር ይረዳል። ጋዜጣ መለጠፉ ግን ብርሃኑንም ይከለክላል።

መስኮቱ የሚከፈት ይሁን። የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የሚተኙበት፣ ሩዝ የሚዘራበት ውሃማ ቦታ ስለሆነ ወባ አይጠፋውም፤ ወንፊት ያስፈልጋል። ሰው እንዳያየን ብሎ መስኮት ዘግቶ በከሰል ቡና ማፍላት ሕይወት ያጠፋል።

ሳሎኑን ሁሉ ግን አትሸፍኑት፤ እንግዳ ከደጅ ታይቶ “ግባ” ይባል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ዳንኤል ወደ ኢየሩሳሌም የተከፈተ መስኮት ነበረው፤ የንጉሡ አዋጅ ከወጣ በኋላም በዚያው ይጸልይ ነበር። ባልየው “የባሕር ዳር ፎቆች እኮ እንዲህ ናቸው” ብሎ አንጸባራቂውን ቢመርጥ፣ ቀኑን ሙሉ በቤቱ የምትውለው ሚስቱ ናትና የእርሷን አሳብ ያስቀድም።

ደግሞም የትኛውም ከእነዚህ መስተዋት ድምፅ አይሰውርም። ከግድግዳው ወዲያ የተኛው ተከራይ ክርክራችሁን ቃል በቃል ሊሰማ ይችላል። በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ክፍተት መድፈን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለ ገንዘብና ስለ ዘመድ ስትነጋገሩ ከመስኮቱ ርቃችሁ ተቀመጡ።