ሐረግ፤ ከብራና እስከ ፎቶግራፍ

ሐረግ እንደሚታወቀው በዛፍና በአጥር ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ተክል ነው። የአገራችን ጸሐፍትም በብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ የሚሥሉትን ጌጥ ሐረግ ብለው ሰይመውታል፤ መሥመሩ እንደ ተክሉ አንዱ በሌላው ላይ፥ ደግሞም በሥሩ እያለፈ ይጠላለፋልና። የቤተ ሰብንም ትውልድ ስንቈጥር «የዘር ሐረግ» እንላለን። አንድ ቃል ለተክል፥ ለጌጥና ለትውልድ መዋሉ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ለክቡራን አንባቢዎቼ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ይህን ጌጥ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሰቆጣ አጠገብ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ፊቱ በተቀረጸ ጌጥ የተዋበ ነው። በላስታ በዋሻ ውስጥ በ12ኛው መቶ ዓመት የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ግድግዳው የእንጨትና የነጭ ድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፥ በመስኮቶቹ ላይ በመስቀል አምሳል የተቀረጸ ፍርግርግ ይታያል። በየቤታችንም የነጠላው ጥለት አለ። ሸማኔው ባለ ቀለሙን ማግ ከድሩ አንድ ጊዜ በላይ፥ አንድ ጊዜ በታች ያሳልፈዋል፤ አንድ ቅርጽ ያወጣና ያንኑ ቅርጽ እስከ ጫፍ ድረስ ይደግመዋል። የሐረግም ሕጉ ይኸው ነው፤ መጠላለፍና መደጋገም።

አሁን ወደ ኮላጅ እንለፍ። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጓሜው መለጠፍ ነው፤ ይኸውም ወረቀት፥ ጨርቅ፥ ፎቶግራፍና የመሳሰለውን ቍርጥራጭ በአንድ ገበታ ላይ አጣብቆ ሥዕል ማውጣት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ፓብሎ ፒካሶ በአንድ ሥዕላቸው ላይ የወንበር መቀመጫ ጥልፍልፍ የታተመበትን የጠረጴዛ ጨርቅ ለጠፉ፤ ዙሪያውንም በገመድ ከበቡት። ይህ ሥራ በዘመናዊ ሥዕል ከመጀመሪያዎቹ ኮላጆች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። እኔን የሚያስደንቀኝ፥ የተለጠፈው ነገር ራሱ የጥልፍልፍ መልክ ያለው መሆኑ ነው።

ከአገራችን ሠዓልያን መካከል እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ የተወለዱት ኤልያስ ስሜ በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቁ ናቸው። ከመርካቶ የሚገዙትን የአሮጌ ኮምፒዩተር ቍልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጐነጐኑና በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየቸነከሩ ሰፋፊ ሥዕል ያወጣሉ። ከሩቅ ሲታይ የታረሰ ማሳ ወይም ከአውሮፕላን የታየ ከተማ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ሽቦ ነው። አንድ የኮምፒዩተር ቍልፍ ብቻውን ቢወድቅ ቆሻሻ ነው፤ ብዙ ቍልፍ በተራ ሲሰለፍ ግን ዓይን ሥርዓቱን እንጂ ቆሻሻውን አያይም።

ፎቶግራፍ አንሺ ግን አይጐነጕንም፥ አይቸነክርም፤ ሥራው መምረጥ ነው። ያው የዋግ ተራራ ከግርጌው ሲታይ የድንጋይ ክምር ነው። ከማዶው ተረተር ላይ ሆነው፥ ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ቢያዩት ግን የእያንዳንዱ እርከን ጥላ ይረዝምና ተራራው በሙሉ ጥለት የለበሰ ይመስላል። ቀትር ላይ ጥላው ስለሚያጥር መሥመሩ ይጠፋል። ስለዚህ ሐረግን በፎቶግራፍ ለመያዝ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚቆምበትን ቦታና ሰዓቱን ይምረጥ።

ይህን ነገር ለማጥናት ያነሣሣኝን ምክንያት ልግለጽ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ ቤታችንን ዘግተን ተሰደድን። ስንመለስ በሣጥን ከነበሩት ፎቶግራፎች የተረፉት አራት ብቻ ነበሩ፤ ከአራቱም አንዱ ለሁለት ተቀዷል። የተነሡበት ዘመን የተለያየ ነው፤ ይሁን እንጂ በአራቱም ላይ የነጠላ ጥለት አለ፤ በቅድመ አያቴ ትከሻ ላይ፥ በሴት አያቴ ሠርግ፥ በእናቴ ማጫ ወቅት፥ በታናሽ እኅቴ ክርስትና። ቅጂዎቻቸውን ጥለት ከጥለት እንዲጋጠም አድርጌ ብደረድራቸው አንድ መሥመር ሆኖ ከአንዲቱ ሴት ወደ ሌላይቱ ተሻገረ። በተቀደደውም መካከል ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ ዓይን ግን ያንኑ ቅርጽ ስለ ለመደ መሥመሩን ራሱ ይቀጥለዋል። ኮላጅ ቍርጥራጩን አንድ የሚያደርገው ሙጫው ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት በዚህ ነው።

ነገር ግን ዓይን የማይቀጥለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስም ነው። በአንደኛው ፎቶግራፍ ላይ ከቆሙት ሦስት ሴቶች የሁለቱን ስም አያቴ ነገሩኝ፤ ሦስተኛይቱን ግን ዛሬ በቤታችን የሚያውቃት የለም። ጥለቷ በግልጽ ይታያል፥ ሐረጓ ግን ተቋርጧል።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ኮላጅ ለመሥራት ብታስቡ ዋናውን ፎቶግራፍ በመቀስ አትንኩት፤ በስልክ አንሥታችሁ ቅጂውን አሳትሙ። አንድ ቅርጽ ምረጡና ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ መጠኑን ግን አለዋውጡት፤ አለበለዚያ ዓይን ይሰለቻል። ወላጆቻችንም በየቤታችሁ ያሉትን ፎቶግራፎች አውጥታችሁ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጋር እንድትመለከቱ፥ በጀርባቸውም የሰዎቹን ስም፥ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ እንድትጽፉ በአክብሮት እለምናለሁ። ይህም የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቢደረግ መልካም ነው።