ስለ ሮማውያን የጀግንነት ግጥም ሥርዐት

የሮማ ሰዎች የጀግንነት ግጥምን ሥርዐት ከጽርእ ተቀበሉት እንጂ ራሳቸው አላመነጩትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ሊቪዩስ አንድሮኒቆስ የሆሜሮስን ኦዲሴያ ወደ ሮማይስጥ ሲመልስ፣ በኢጣልያ የቆየውን «ሳቱርናዊ» የሚባል የግጥም ልክ ይዞ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኤንዩስ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 239–169) ግን ያን ትቶ የሆሜሮስን ባለ ስድስት እግር ስንኝ አገባ። ከዚያ ወዲህ የጀግንነት ግጥም ልክ ይኸው ሆኖ ጸና።

ቤት መምታትን የለመደ ጆሮ በዚህ ስንኝ መጨረሻ የሚጠብቀውን ድምፅ አያገኝም። የሮማይስጥ ገጣሚ የሚመዝነው የስንኙን መድረሻ ሳይሆን በውስጡ ያሉትን ክፍለ ቃላት ርዝመትና ዕጥረት ነውና። አንዱ እግር ወይ አንድ ረዥምና ሁለት አጫጭር፣ ወይ ሁለት ረዣዥም ክፍለ ቃላት ይይዛል። ረዣዥሞቹ ሲበዙ ስንኙ ይከብዳል፣ ይዘገያል፤ አጫጭሮቹ ሲበዙ ይሮጣል። ስለዚህም ገጣሚው የሐዘንተኛን እርምጃና የፈረስን ግልቢያ በአንዱ ልክ ውስጥ ሊያሰማ ይችላል።

ከልኩም ሌላ የተቀበሉት ብዙ ነው። የግጥም አምላክ የተባለችውን ሙሳን መጥራት፤ ታሪኩን ከመካከሉ ጀምሮ ያለፈውን በባለታሪኩ አፍ ማስተረክ፤ ለጀግናው የማይለየው ቅጽል መስጠት፤ የአማልክትን ሸንጎ ማሳየት፤ ጋሻን ወይም ሌላ የእጅ ሥራን በዝርዝር መሣል፤ «እንደ» እያሉ በረዥሙ ማነጻጸር፤ እነዚህ ሁሉ በሆሜሮስ ዘንድ አሉ። እንግዲህ የሮማው ገጣሚ የሚመረመረው የተቀበለውን መሣሪያ ለምን ነገር እንዳዋለው ነው።

ለዚህም ቪርጂል ይበቃናል። በማንቱዋ አጠገብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት ተወልዶ በ19 ሲሞት፣ ዐሥራ ሁለት መጻሕፍት ያሉትን ኤኔይድን አርሞ ሳይጨርስ ተወው፤ ከ9,800 ከሚበልጡት ስንኞች ከሃምሳ በላይ የሆኑት በግማሽ የቀሩ ናቸው። እንዲቃጠልለት ተመኝቶ ነበር ይባላል፤ አውግስጦስ ቄሣር ግን እንዲወጣ አዘዘ። ታሪኩም ትሮያ በጠላት እጅ ስትወድቅ አምልጦ፣ በኢጣልያ የሮማውያን አባት ሊሆን ስለ ተመረጠው ስለ ኤኔያስ ነው።

በሆሜሮስ ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የዱር አውሬና የባሕር ማዕበል የሰውን ሥራ ያስረዳሉ። የኤኔይድ የመጀመሪያው ረዥም ምሳሌ ግን ይህን ገለበጠው፤ የባሕር አምላክ ማዕበሉን ጸጥ ሲያሰኝ፣ ድንጋይ የሚወራወረውን ሁከተኛ ሕዝብ በቃሉ ከሚያበርድ የተከበረ ሰው ጋር ይነጻጸራል። የእርስ በርስ ጦርነትን ያየ የሮማ አንባቢ ከማዕበል ይልቅ ሁከትን ይፈራ ነበርና፣ ምሳሌው ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም።

ከዚህ የሚጠልቀው ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ ኤኔያስ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ በሰገነት ቆሞ የምትቃጠለውን ከተማ ድምፅ ሲሰማ፣ የጎርፍን ድምፅ ከዓለት ላይ ሆኖ እየሰማ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ እረኛን ይመስላል። በአራተኛው መጽሐፍ እረኛው ይመለሳል፤ አሁን ግን ቀስት ይዟል። በፍቅር የቆሰለችው የካርታጎ ንግሥት ዲዶ በፍላጻ የተወጋች ዋላ ትሆናለች፤ የወጋት እረኛም ፍላጻው እንዳገኛት አላወቀም። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ገጣሚው አይነግረንም፤ መናገርም አያስፈልገው። መጀመሪያ ጥፋቱን ሳያውቅ የሚሰማ፣ ኋላ ጥፋቱን ሳያውቅ የሚያደርግ፣ ሁለቱም ኤኔያስ ነው።

ቅጽሉንም እንዲሁ ይሠራበታል። የኤኔያስ ቅጽል ለአማልክት፣ ለአባቱና ለአገሩ የሚገባውን የሚያደርግ ማለት ነው። ነገር ግን በአራተኛው መጽሐፍ፣ ከዲዶ ጋር ሳለ፣ ተራኪው ይህን ቅጽል ሰውሮ ይይዛል፤ ንግሥቲቱን ጥሎ ወደ መርከቦቹ በሚሄድበት ሰዓት መልሶ ያወጣዋል። ምስጋና ነው ወይስ ወቀሳ? ቃሉ ያው ነው፤ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ዲዶ ራሷን ገደለች፤ አውግስጢኖስም በልጅነቱ ስለ እርሷ ማልቀሱን በኑዛዜው ጽፏል።

የጋሻው ሥዕልም ወደዚሁ ይመራል። በስምንተኛው መጽሐፍ ለኤኔያስ በተሠራለት ጋሻ ላይ፣ በመካከሉ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 ዓመት የተደረገው የአክትዩም ጦርነት ተሥሏል። ኤኔያስ ግን በሥዕሉ ይደሰታል እንጂ ነገሩን አያውቅም፤ የልጅ ልጆቹን ክብርና ዕጣ ሳያነብ በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል። የሚያነበው አንባቢው ነው።

ሌላም የተቀረጸ ነገር አለ። በዐሥረኛው መጽሐፍ ቱርኑስ ወጣቱን ፓላስን ገድሎ፣ በሰርጋቸው ሌሊት የታረዱ ሙሽሮች የተቀረጹበትን መታጠቂያ ይገፈዋል። በዚያ ስፍራ ገጣሚው ትረካውን አቋርጦ የሰው ልብ የሚመጣበትን አለማወቁን ያነሣል። በመጨረሻውም መጽሐፍ ቱርኑስ ወድቆ ስለ ሽማግሌ አባቱ ሲለምን ኤኔያስ ያመነታል፤ ሊምረው ይቃረባል። ወዲያው ያን መታጠቂያ በትከሻው ያየዋል፤ በቁጣም ይወጋዋል።

የሆሜሮስ ኢልያስ የሚፈጸመው የሄክቶር አስከሬን ለአባቱ ተመልሶ፣ ለቅሶውና ቀብሩ ከተነገረ በኋላ ነው። በኤኔይድ ግን ለቅሶ የለም፣ ቀብር የለም፣ የተነገረው ጋብቻም ሆነ የሚመሠረተው ከተማ አይታይም። አንዳንዶች ይህን ከሥራው አለመጠናቀቅ ቈጠሩት። እኔ ግን እንዲህ ሆኖ እንዲቀር የታሰበ ይመስለኛል፤ የመጨረሻው ስንኝ በግማሽ የቀረ አይደለም፤ ልኩ ሙሉ ነው፤ የሚናገረውም የቱርኑስ ነፍስ እያዘነች ወደ ጥላ መውረዷን ነው።